ስለ መስማት
(በደብራችን የ50ኛ ዓመት የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተነገረ ቃል)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ይህ ደብር የተተከለበት 50ኛ ዓመት ሲከበር ጥቂት ቃል እንድናገር የበዓሉ ኮሚቴ ባዘዘኝ ጊዜ፥ አስቀድሞ ወደ ልቤ የመጣው የበዓሉ ስም ነው። ኢዮቤልዩ የምንለው ቃል ከዕብራይስጥ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም የአውራ በግ ቀንድ ማለት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ 50ኛው ዓመት ሲደርስ፥ በሰባተኛው ወር በዐሥረኛው ቀን በማስተስረያው ዕለት፥ በእስራኤል ምድር ሁሉ ቀንደ መለከት እንዲነፋ ታዝዞ ነበር። መለከቱም በተነፋ ጊዜ፥ በድኽነት ራሱን የሸጠው ሰው ነፃ ወጥቶ ወደ ወገኑ እንዲመለስ፥ ርስቱን የሸጠውም ርስቱን እንዲያገኝ ሕግ ነበረ።

እንግዲህ አስተውሉ፤ በዓሉ ስሙን ያገኘው ከመብሉ ወይም ከመጠጡ አይደለም፥ ከድምፅ ነው እንጂ። ድምፁም አንድ ሳለ ለሰሚው ሁሉ አንድ አይሆንም። የተሸጠው ሰው ሲሰማው ዕልል ይላል፤ የገዛው ጌታ ሲሰማው ግን ምናልባት «ዛሬስ ነፋሱ ምንኛ ይጮኻል» ይል ይሆናል። እጅ የያዘውን መልቀቅ ያልወደደ እንደ ሆነ ጆሮም አብሮት ይደነቍራልና። ስለዚህ እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ መስማት ነው፤ ይኸውም ክርስቲያን በየቀኑ ኑሮው፥ በቤቱና በገበያው በደጁም፥ የእግዚአብሔርን ድምፅ ይሰማ ዘንድ እንደምን ይማራል ስለሚለው ነገር ነው።

በዚህ በደብራችን ድምፅ ማጉያ ከተሰቀለ ወዲህ ስብከታችንም ማኅሌታችንም ከወንዝ ማዶ ይሰማል። እኔ ይህን አልነቅፍም፤ እንዲያውም ኋላ እንደምነግራችሁ ድምፅ ማጉያ ለአንድ ሰው ሲጠቅም አይቻለሁ። ነገር ግን ድምፅ በበዛ መጠን ጆሮ የተማረ እንዳይመስለን። በቅዳሴ መካከል የአንዱ ሰው ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲጮኽ ሁላችንም ፈጥነን ኪሳችንን እንዳስሳለን፤ የተጠራነው እኛ ነን ብለን። ዲያቆኑ ለጸሎት እንድንነሣ ሲያውጅ ግን፥ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል በርጋታ ነው የምንነሣው። ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም ኪሴን የምዳስስ ነኝና።

መማር ማለቴን አትለፉት። ብዙ ሰው መስማትን ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የተወለደ ይመስለዋል። እኔ ያደግሁት በቅኔ ቤት ነው፤ በቅኔ ቤትም ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው መናገርን አይደለም፥ መስማትን ነው። የኔታ ማታ በጉባኤው መካከል ተቀምጠው ቅኔውን ይዘርፋሉ፤ ቀለም የለ፥ ብራና የለ፤ ተማሪው በጆሮው ተቀብሎ በልቡ ያኖረዋል። ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና እንደ ሆነች ይይዛታል፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ እንደ ሆነ ግን አንዱን ቤት ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል። ቤት የምላችሁ በእኛ በቅኔ ተማሮች ቋንቋ የቅኔውን አንዱን ስንኝ ነው፤ ይህንን ነገር ኋላ እፈልገዋለሁና ያዙልኝ።

ደግሞም ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። አዲስ ተማሪ ስለ ዛፍ የተነገረ መስሎት ዛፉን ሰምቶ ደስ ይለዋል፤ የኔታ ግን ስለ መስቀል ተናግረው ኑሯል። ቃሉ አንድ ነው፤ የተለየው ጆሮው ነው። ያም ጆሮ በአንድ ቀን አይገኝም፤ ስንት ክረምትና ስንት በጋ ይወስዳል፥ ተግሣጽም አለበት። አንድ ማታ የኔታ የዘረፉትን ቅኔ ድገም ቢሉኝ ከሦስተኛው ቤት ላይ ቆምሁ። እሳቸውም፦ «አንተ ልጅ፥ ስንናገር አንተ በልብህ የራስህን ቅኔ ትቈጥራለህ፤ ስለዚህ ጆሮህ ከዚህ ሳለ አትሰማም» አሉኝ። በዚያን ጊዜ እንደ ቀላል ተግሣጽ ቈጥሬው ነበር። ከ20 ዓመት የሚበልጥ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው የገባኝ።

በግዕዛችን ሰምዐ ከሚለው ግስ ስምዕ ይወጣል፥ ሰማዕትም ይወጣል። ስምዕ ምስክርነት ነው፤ ሰማዕትም የሰማውን እስከ ሞት ድረስ የመሰከረ ሰው ነው። በአማርኛችንም «ይህ ልጅ አይሰማም» ስንል ጆሮው ደንቍሯል ማለታችን አይደለም፥ አይታዘዝም ማለታችን ነው እንጂ። ስለዚህ በእኛ ቋንቋ የሰማ ሰው ማለት የሰማውን ያደረገ ሰው ማለት ነው፤ ሰምቶ ያላደረገ ግን ገና አልሰማም።

ወደ መጽሐፍ እንመለስ። ብላቴናው ሳሙኤል በሴሎ የእግዚአብሔር ታቦት ባለበት በመቅደስ ተኝቶ ሳለ፥ መብራቱም ገና ሳይጠፋ፥ ስሙ ተጠራ። እርሱም የጠራው ሽማግሌው ዔሊ መስሎት ሮጦ ወደ ዔሊ ሄደ። ዔሊም አልጠራሁህም፥ ተመልሰህ ተኛ አለው። ይህ ነገር ሦስት ጊዜ ሆነ። በዚህ ምን ምሥጢር አለ ቢሉ፥ ብላቴናው የእግዚአብሔርን ድምፅ ከአሳዳጊው ድምፅ መለየት አልቻለም፤ እግዚአብሔር ብላቴናውን እንዳያስደነግጠው በለመደው ድምፅ ጠርቶታልና። አንድም፥ በሌሊት ለሰው ጥሪ መነሣት የለመደ ለእግዚአብሔርም ጥሪ ይነሣልና ነው።

እኔ ይህን ሁለተኛውን አብልጬ እወደዋለሁ። ሳሙኤል ሕፃን ነው፥ እንቅልፍም በሕፃን ላይ ይከብዳል። በሁለተኛው ጊዜ «ይህ ሽማግሌ አርጅቶ ይቃዣል» ብሎ ልብሱን ቢከናነብ ኖሮ፥ ሦስተኛው ጥሪ ምን ይሆን ነበር? እርሱ ግን ሦስቱንም ጊዜ ሳያጕረመርም ተነሣ። ዓይኑ ለፈዘዘ ለአንድ ሽማግሌ መነሣት ትምህርት ቤቱ ሆነለት። ከዚህ ትምህርት ቤት ሳይገቡ የሰማዩን ድምፅ እሰማለሁ ማለት፥ ጉባኤ ቃና ሳይዙ መወድስ እቀኛለሁ እንደ ማለት ነው።

አባቶቼ ካህናት ደግሞ ዔሊን እንመልከተው። ዓይኑ ፈዝዟል፤ ልጆቹ መሥዋዕቱን እያቃለሉ ሕዝቡን ሲያሳዝኑ በሚገባ አልገሠጻቸውም። ነገር ግን ብላቴናውን የጠራው ማን እንደ ሆነ ያወቀ፥ ምን ብሎ እንዲመልስም ያስተማረው እርሱ ነው። ይህ ለደከምነው ለእኛ መጽናናት ነው። የሚያስፈራው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ሳሙኤል የሰማው የመጀመሪያው ቃል በዔሊ ቤት ላይ የመጣው ፍርድ ነበረ። ያ ሽማግሌ እንዲሰማ ያስተማረው ልጅ፥ በራሱ በመምህሩ ላይ የተነገረውን ሰማ። በነጋም ጊዜ ልጁ መናገር ፈራ፤ ዔሊ ግን አንዳች ሳትሰውር ንገረኝ ብሎ አጥብቆ ያዘው፥ ነገሩንም በሰማ ጊዜ የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን ብሎ ተቀበለው። እስቲ ራሳችንን እንመርምር፤ ከእኛ መካከል አንድ ትንሽ ዲያቆን ስለ ራሳችን ጥፋት ሊነግረን ቢመጣ፥ ንገረኝ ብሎ የሚይዘው ስንቱ ነው? ሂድ፥ ውኃ ቅዳ የሚለውስ ስንቱ ነው?

በግብጽ አገር የነበረውንም አባ እንጦንስን አስቡ፤ በዓሉን ጥር 22 ቀን የምናከብርለትን። ታሪኩን የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። እንጦንስ አባትና እናቱ ሞተውበት ከትንሽ እኅቱ ጋር የቀረ፥ ዕድሜው ወደ 20 ዓመት የተጠጋ ጐበዝ ነበረ፤ 300 ስፍር የሆነ ለም እርሻም ወርሶ ነበር። ወላጆቹ ከሞቱ ስድስት ወር ያህል ቢሆነው እንደ ልማዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። በገባም ጊዜ ወንጌል ይነበብ ነበርና፥ ጌታችን ለዚያ ባለጸጋ ያለህን ሽጠህ ለድኾች ስጥ ያለው ቃል ሲነበብ ሰማ። ለእርሱ ብቻ የተነበበለት መስሎት ወጣና እርሻውን ለአገሩ ሰዎች ሰጠ።

ከሰማይ መብረቅ አልወረደም፤ መልአክም አልታየም። በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ንባብ ነው የተነበበው። በዚያን ዕለት ያንን ንባብ የሰማ ሰው ሁሉ ቤቱ ሄዶ ምሳውን በላ፤ አንዱ ግን ሰማ። ደግሞ ልብ በሉ፥ ያ ወንጌሉን ያነበበው ሰው ስሙ አልተጻፈም። ለማን እንዳነበበም አላወቀም ይሆናል። ስለዚህ ወንድሞቼ ዲያቆናት፥ መልእክቱን ስታነቡ ወንዝ ሊሞላበት እንደሚቸኵል መንገደኛ አትሩጡበት። ከሕዝቡ መካከል አንዱ እንጦንስ እንዳለ ማን ያውቃል።

ቅዱስ ያሬድም በአክሱም ከመምህሩ ከጌዴዎን ተግሣጽ ሸሽቶ በዛፍ ሥር ባረፈ ጊዜ፥ ትምህርቱን የመለሰለት ትል መሆኑን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ትሉ ምን ተናገረ? ምንም አልተናገረም፤ እየወደቀ ወደ ዛፉ ወጣ እንጂ። ነቢዩ ኤልያስም በኮሬብ ሳለ እግዚአብሔር በነፋሱ፥ በምድር መናወጡ፥ በእሳቱም አልነበረም፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ በመጣው በቀጭኑ ድምፅ ነበረ እንጂ። ቀጭን ድምፅ ደግሞ ሌላ ሥራ ይዘው የሚሰሙት አይደለም።

አሁን ግን አንድ ሰው፦ «እግዚአብሔር ተናገረኝ የሚል ብዙ ነው፤ እውነቱን ከሐሰቱ በምን እንለየው?» ቢለኝ፥ ጥያቄው ተገቢ ነው። በዘመናችን ትናንት በሕልሜ ታየኝ፥ ዛሬ በጆሮዬ ተነገረኝ እያለ የሰው ትዳር የሚያፈርስ፥ የድኻውንም ገንዘብ የሚሰበስብ ሞልቷል። አባቶቻችን የሰሙትን ሁሉ ለንስሐ አባታቸው ሳያሳዩ አያምኑም ነበር፤ ሳሙኤልም የሰማውን ይዞ የሮጠው ወደ ካህን ነው። ከመጻሕፍት ጋር የሚጣላ ድምፅ፥ ባለቤቱ ምን ቢያምር፥ የእግዚአብሔር አይደለም። ከዚህ በቀር እኔ በራሴ ላይ የምሠራበት አንድ ሚዛን አለኝ፤ መጽሐፍ አላገኘሁበትም፥ ከኑሮ ነው ያገኘሁት። እኔን የሚያመሰግን ድምፅ ሲመጣብኝ እጠረጥረዋለሁ። ስለ ባልንጀራዬ አንድ ነገር አድርግ የሚለኝ፥ እኔም ልሰማው የማልወድደው ድምፅ ሲመጣ ግን፥ ሁለት ጊዜ እመረምረዋለሁ።

ይህም ድምፅ ከሩቅ አይመጣም። ነጋዴ በሚዛኑ ላይ እጁ ሲከብድ፥ ገዢዋ መበለት ሚዛኑን ሳይሆን ፊቱን ታየዋለች፤ ያ ማየቷ ድምፅ ነው። የቤት ሠራተኛ ሦስት ወር ሙሉ ደመወዟ ሳይሰጣት «እትዬ፥ ለእናቴ ልልክላት ነበር» ብላ ቀስ ብላ ስትናገር፥ እመቤቲቱ «እስቲ ቈይ» የምትለው ለሠራተኛይቱ ብቻ ይመስላታልን? ባል ሚስቱ ዝም ባለች ጊዜ ቤቱ ሰላም ያገኘ ይመስለዋል፤ ዝም ማለቷ ጩኸት እንደ ሆነ የሚያውቀው ጆሮ ያለው ነው። የኢዮቤልዩ ቀንድ ዛሬም ይነፋል፤ የሚነፋው ግን እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ይህን ሁሉ የምናገረው ጆሮ ያለኝ ሆኜ አይደለም። በዓሉ ዕዳ የሚለቀቅበት ነውና የእኔን ዕዳ በፊታችሁ ልናገር።

በ1977 ዓ.ም. እኔ በጎጃም የቅኔ ተማሪ ነበርሁ። የወሎና የትግራይ ረኃብ ወሬ በየቤቱ የሚወራበት ዓመት ነው። ደበሎ ለብሼ፥ አኩፋዳ አንግቤ፥ ከባልንጀሮቼ ጋር በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ እለምን ነበር። ውሻ ነክሶኛል፥ ዝናብ መትቶኛል። ነገር ግን ከአንዲት ቤት፥ ከሦስተኛው ጥሪ በፊት ሁልጊዜ በሩ ይከፈት ነበር። የቤቲቱ እመቤት ራሷ ድኻ ነበረች፤ «ልጄ፥ ድምፅህ ደክሟል፥ ዛሬ አልበላህም» ትለኝ ነበር። ሆዴን ሳታይ ድምፄን ሰምታ ታውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ መምህር ተባልሁ፤ ቤት ሠራሁ፥ በርም ገጠምሁ። በ2001 ዓ.ም. የኅዳር ጽዮን በዓል እሑድ ስለ ዋለ፥ እኔ በምኖርበት ከተማ ባለው ደብር መወድሱን እንድቀኝ ታዘዝሁ። ቅዳሜ ማታ ከቤቴ ተቀምጬ ቅኔውን እቈጥር ነበር። ምሥጢሩን ያደረግሁት በባለጸጋው ደጅ በወደቀው በአልዓዛር ላይ ነው፤ ሰባቱ ቤት ሞልቶልኝ ስምንተኛው፥ ወርቁ የሚገለጥበት፥ እንቢ አለኝ። በዚያን ጊዜ ከደጄ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል የልጅ ድምፅ ተሰማ። አልተነሣሁም። ሁለተኛ ተጣራ፤ ቤቲቱ ልትያዝልኝ ነው ብዬ ዝም አልሁ። ሦስተኛም በተጣራ ጊዜ ተቈጥቼ ከውስጥ ሆኜ «እግዜር ይስጥህ በሉት» ብዬ ለቤተ ሰቦቼ ጮኽሁ። የእግዚአብሔርን ስም ጠርቼ በሬን ዘጋሁት ማለት ነው። ወዲያው ስምንተኛዋ ቤት መጣችልኝ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ሌሊት በማኅሌቱ ቅኔዬን ተቀኘሁ። መምህራኑ «ይበል! ይበል!» አሉኝ፤ ድምፅ ማጉያውም ለከተማው ሁሉ አሰማው።

ሰኞ ረፋድ ላይ በደጀ ሰላሙ ጧፍ የምትሸጥ አንዲት መበለት ወደ ቤቴ መጥታ፦ «የኔታ፥ አንድ የቆሎ ተማሪ ቅዳሜ ሌሊት በንዳድ ሲንቀጠቀጥ ከደጀ ሰላሙ ሥር አግኝቼ ከቤቴ አስተኝቸዋለሁ። ቅኔውን የተቀኙትን መምህር አምጪልኝ እያለ ይለምነኛልና ይምጡልኝ» አለችኝ። ተከትያት ሄድሁ። ጎጆዋ ለሁለት ሰው አትበቃም፤ እርሷ በውጭ አድራ ኑሯል።

ልጁ 13 ወይም 14 ዓመት ቢሆነው ነው። ባየኝ ጊዜ ጕልበቴን ሊስም ተነሣ፤ አልቻለም። እንዲህም አለኝ፦ «የኔታ፥ የትናንቱን መወድስ ከደጀ ሰላሙ ሆኜ በድምፅ ማጉያው ሰማሁት። ሰባቱን ይዣለሁ፤ አንዲት ቤት ግን ቀረችብኝ። ይንገሩኝ»። ይህን ብሎ በዚያ ትኵሳት ውስጥ ሰባቱን ቤት አንድም ሳያጐድል ወረደልኝ።

ልጁ ቅዳሜ ማታ የተጣራበት ደጅ የማን እንደ ሆነ አላወቀም ነበር። እኔ ግን ድምፁን ዐወቅሁት። በቅዳሜው ማታ አልሰማሁም ስል ሰምቼ ኑሯል፤ ያልሰማሁት ድምፅ ቢሆን ኖሮ እንዴት አውቀው ነበር? ስምንተኛዋን ቤት ልነግረው አፌን ከፈትሁ፤ ጠፋችኝ። የራሴ ቅኔ፥ ሰው ሁሉ ያመሰገነኝ ቅኔ፥ ከአፌ ላይ ጠፋ።

ከመደቡ ሥር ከመሬት ተቀመጥሁና፦ «ልጄ፥ የቀረችብህ ቤት የእኔ ናት። ቅዳሜ ማታ ሦስት ጊዜ የተጣራህባት» አልሁት።

ልጁ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ቅኔ ተማሪ ነውና ነገሩ ገባው። ከዚያ በኋላ በደከመ ድምፅ «ይበል፥ የኔታ» አለኝ።

ጋቢዬን አልብሼው፥ ያች መበለት በአንድ ወገን እኔም በሌላው ደግፈነው ወደ ቤቴ ወሰድነው። በመንገድ ላይ ስምንተኛዋ ቤት ተመለሰችልኝና እየሄድን ነገርሁት፤ ከደጄ ስንደርስ ይዟት ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።